ስለታተመ ሰርኪት የሚባለውና እውነታው

ፒያሳ ላይ ለጥምቀት ቲሸርት ከሚያትሙ ወዳጆቼ ጋር «በሚጎብጥ ነገር ላይ የኤሌክትሪክ ሰርኪት ይታተማል» የሚል ወሬ ሲነሳ ግምቱ ብዙ ነው።

«ገና የሚመጣ ነገር ነው።» ኧረ ከመጣ ቆይቷል! በጠዋት ጭጋግ ወደ ደባርቅ ስትወጡ የመኪናውን የኋላ መስታወት እዩ። ጤዛውን የሚያደርቁት ቀጫጭን መስመሮች በስክሪን፣ ማለትም ቀለም በወንፊት መሰል ጨርቅ እየተገፋ፣ የታተመ ብር (ማዕድኑ) ናቸው። መስታወቱ ጠፍጣፋ ሳለ ይታተማሉ። ከዚያ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ መስታወቱ ሲጎብጥ አብረው ይጋገራሉ።

«ጥቁር ቀለም ካርቦን ስላለው ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይበቃል።» አይበቃም። በተራ ቀለም ውስጥ የካርቦን ብናኞቹ በማጣበቂያ ስለተከበቡ እርስ በርስ አይነካኩም።

«ቀለሙ ከደረቀ አለቀ።» ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ለሰርኪት በሚሆነው የብር ቀለም ውስጥ ያሉት ናኖ ብናኞች፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ የብር ቅንጣቶች፣ እንዳይጓጉሉ በስስ ሽፋን ተለብጠዋል። ፈሳሹ ቢተንም ሽፋኑ ይቀራል፤ ኤሌክትሪኩም መንገድ ያጣል። ሽፋኑን አንስቶ ብናኞቹን የሚያያይዛቸው ሙቀት ነው። ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ነው። ናኖ ብናኞች ግን በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ብዙዎቹ ቀለሞች ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ይበቃቸዋል። ጣጣው ከሥር ያለው ፕላስቲክ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲ ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ይጨማደዳል። ፖሊኢማይድ የሚባለው ቡናማ ፊልም ከ300 በላይ ይችላል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። እኔ ብሆን ከማተሚያው በፊት ስለ ምድጃው እጠይቃለሁ።

«የሚተጣጠፍ ፊልም ሁሉን ይለብሳል።» የጎንደር ሸክላ ሠሪዎች መንደር የወለቃን ጀበና አስቡ። አንገቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚዞር ፊልም ይጠቀለልበታል፤ ሆዱ ላይ ግን ይጨማደዳል። እንዲህ ላለ ቅርጽ ወይ ጠፍጣፋው ላይ አትሞ በሙቀት ማጉበጥ ነው፣ ወይ ቀለሙን ወደ ጉም ቀይሮ ከጥቂት ሚሊሜትር ርቀት በሚረጭ ኤሮሶል ጄት በቀጥታ ማተም።

መተጣጠፉ ራሱ ከስስነት የሚመጣ ነው። 0.1 ሚሊሜትር ፊልም በ10 ሚሊሜትር ሬዲየስ ሲጎብጥ የውጭ ገጹ የሚለጠጠው 0.5 በመቶ ነው። የተለመደው 1.6 ሚሊሜትር ደረቅ የሰርኪት ቦርድ እንዲያ ቢጎብጥ 8 በመቶ ገደማ መለጠጥ ነበረበት። ይሰነጠቃላ!

«ቺፕ ከእንግዲህ አያስፈልግም።» ያስፈልጋል። በቺፕ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር ሲታተም ትልቅና ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ሽቦው፣ አንቴናውና ሴንሰሩ ይታተማሉ፤ ቺፑ ከላይ ይለጠፋል። እሱንም የስልክ ጠጋኞቻችን እንደለመዱት ሶልደር ላድርግ ቢሉ የቀለጠው ቆርቆሮ ስሱን ብር ይበላዋል። ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ ሙጫ ነው።