አውራ ዶሮው ለምን ያባርረናል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሻለቃ ይባል ነበር። ገብስማ አውራ ዶሮ ነው። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፣ አረማመዱን አይታ። ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ የቤቱ ሁሉ ወዳጅ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት እናቴ በባልዲ ውሃ ይዛ ስታልፍ ከኋላ መጥቶ ባቷን መታት። በሳምንቱ ደግሞ የስድስት ዓመቱን የእህቴን ልጅ እስከ በር ድረስ አባረረው። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው መጥረጊያ ይዞ መውጣት ጀመረ፣ እውነቴን ነው።

ምክር ግን አልጎደለንም። ጎረቤቱ ሁሉ የዶሮ ሊቅ ሆነ። አንዱ ምቱት ይላል፣ አንዷ በርበሬ በልቶ ነው ትላለች፣ ሌላው "ጀግና ነው፣ እንዳታርዱት" ይላል። አብዛኛውን ሞክረነዋል። አብዛኛውም ስህተት ነበር።

"አውራ ከሌለ እንቁላል የለም"

ከዚህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቁጡ አውራ ችሎ የሚኖረው በዚህ ፍርሃት ነው። ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል ወንድ አያስፈልጋትም። ዕድሜዋ ከደረሰ፣ ቀለቧ ከተስተካከለና በቂ ብርሃን ካገኘች ትጥላለች። በሺህ የሚቆጠሩ እንቁላል ጣዮች ያሉበት እርባታ ገብታችሁ ብታዩ አንድም አውራ አታገኙም። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ስትፈልጉ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ሴቷ ከአውራው የተቀበለችውን ዘር ሁለት ሳምንት ያህል በሰውነቷ ታቆያለች፣ ስለዚህ አውራው ዛሬ ቢታረድ ነገ የምትጥለውን እንቁላል አስታቅፋችሁ በ21 ቀኑ ጫጩት ልታገኙበት ትችላላችሁ።

"ምታው፣ ያከብርሃል"

ይሄኛው ዋናው ጥፋታችን ነው።

ዶሮ ማዕረግ የሚያውቅ እንስሳ ነው። ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የተባለ ኖርዌጂያዊ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲያይ ያደገ ሰው፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ማን ማንን እንደሚነቁር መዝግቦ ይህን ሥርዓት ለዓለም አሳውቋል። አውራ ዶሮ ሰው ላይ የሚነሳው ሰውየውን እንደ ሌላ አውራ ሲቆጥረው ነው። እስቲ በእሱ ዓይን እዩት። ሴቶቹ መሃል ትገባላችሁ። እህል ትበትናላችሁ። አንዳንዴ አንዷን ትይዟታላችሁ፣ እሷም ትጮኻለች። ታዲያ ባላንጣ ካልሆናችሁ ምን ናችሁ? ስትመቱት ደግሞ "እሺ፣ ይዋጣልን" አላችሁት ማለት ነው። ብትሮጡ አሸነፈ። በሁለቱም መንገድ ነገ ይመለሳል።

ወንድሜ ሦስት ቀን ተከታትሎ በመጥረጊያ መታው። በአራተኛው ቀን ሻለቃ መጥረጊያ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር መዝለል ጀመረ። ደጅ የምትጠርገው አክስቴ ምን አጠፋች?

በመጨረሻ የሠራልን ነገር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። መጀመሪያ ምልክቱን ማወቅ ነው። አንድ ክንፉን ጣል አድርጎ በጎን በጎን ሲጠጋ፣ የአንገቱ ላባ እንደ ጃንጥላ ሲዘረጋ፣ ዓይኑን ከእናንተ ሳይነቅል መሬት ሲነቁር፣ ወይም ድምፁን አጥፍቶ ከኋላ ሲከተላችሁ፣ ሊመጣ ነው። ዞር በሉና ፊት ለፊት ቁሙ። አትሩጡ፣ እግራችሁንም አታንሱ። የባልዲ ክዳን ወይም ትሪ በመሃላችሁ ያዙ፣ ለመምታት ሳይሆን ለመከለል። እሱ ራሱ ሰልችቶት ዘወር ብሎ መሬት መጫር እስኪጀምር ቁሙ፣ ከዚያ በዝግታ ሂዱ። ቀድማችሁ ከሄዳችሁ እሱ አባረራችሁ።

ሌላው ማቀፍ ነው። ማታ ቆጥ ላይ ሲሆን መያዝ ይቀላል፣ ምክንያቱም ዶሮ በጨለማ ብዙም አያይም። ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር አጣብቃችሁ፣ እግሮቹን ይዛችሁ፣ መንቁሩን ከፊታችሁ አርቃችሁ ብብታችሁ ስር ታደርጉታላችሁ፣ እስኪረጋም ድረስ ትይዙታላችሁ። (የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፣ እዚህ ግን የቆጡን አውርዶ ብብት ውስጥ መክተት ነው ሥራው።) እናቴ በየቀኑ ጠዋት አሥር ደቂቃ ታቅፈው ነበር። ሻለቃን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ቡና ስትቆላ ያየ እንግዳ ምን ብሎ እንደወጣ አላውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ግን እሷን ሲያይ መንገድ ይለቅላት ጀመር።

"ሰው የሚያባርር አውራ ጎበዝ ጠባቂ ነው"

ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም። ጎበዝ አውራ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። ሴቶቹ ሲበሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ያያል። ጥሬ ሲያገኝ ራሱ ከመብላቱ በፊት ኩክ ኩክ እያለ እያነሳ ይጥልላቸዋል። ማስጠንቀቂያውም ሁለት ዓይነት ነው። ጭላት በሰማይ ሲያይ የሚያሰማው ድምፅና ውሻ ወይም ድመት በምድር ሲመጣ የሚያሰማው ይለያያል፣ ሴቶቹም ልዩነቱን ያውቁታል። ለመጀመሪያው ጥላ ስር ይሸሸጋሉ ወይም ባሉበት ድርቅ ይላሉ፣ ለሁለተኛው ቀና ብለው ያማትራሉ። ብዙ ገራም አውራዎች ይህን ሁሉ አሳምረው ያደርጋሉ። የኛው ሻለቃ እንደውም እኛን በማባረር ተጠምዶ ሳለ ነው ጭላት ሁለት ጫጩት የወሰደችብን።

ሌሊት የሚመጣውን ሸለመጥማጥ ደግሞ የትኛውም አውራ አያስቆመውም። እሱን የሚያስቆመው በደንብ የሚዘጋ በር ነው።

"አብዷል"፣ "በርበሬ በልቶ ነው"፣ "ቀይ ስለሆነ ነው"

እነዚህን በአንድ ላይ ላውጣቸው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚይዘው አጥቢ እንስሳትን ነው፣ ዶሮ አይይዘውም። በርበሬን በተመለከተ ደግሞ እኛን የሚያቃጥለን ነገር ወፎችን አያቃጥላቸውም፣ ስለዚህ ሚጥሚጣ የጨመራችሁበትን ፍርፋሪ እንደ ቂጣ ይበላዋል፣ ጠባዩም አይለወጥም። የላባ ቀለምም ጠባይን አይናገርም። ከዘር ዘር ልዩነት አለ፣ በአንድ ዘር ውስጥም አውራ ከአውራ ይለያል። ጠባይ ግን ይወረሳል፣ ስለዚህ ከቁጡ አውራ የተገኘ እንቁላል አታስታቅፉ። ሰው ሁሉ ቁመናውን አይቶ "ዘሩ አይጥፋ" ይላል። እኔ ይጥፋ ባይ ነኝ።

"በእጅ ያደገ አይነካም"

ሻለቃን የእህቴ ልጅ ነው ያሳደገው። ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር። እኔ የገባኝ፣ ሰው ላይ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ሰውን የማይፈራው ነው። የሚፈራችሁ አውራ ይሸሻል እንጂ አይገጥምም። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ፣ መጮኽና ሴት መከተል ሲጀምር፣ ያ ለማዳ ጫጩት ቤተሰቡን ሁሉ እንደ መንጋው ቆጥሮ ማዕረግ መፈተሽ ይጀምራል። ጫጩት አትንኩ ማለቴ አይደለም። ወንድ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን እጅ ላይ ማብላቱንና እንደ መጫወቻ ማባረሩን ብትተዉ ይሻላል። ልጆች "ና ያዘኝ" እያሉ የሚያጫውቱትን አውራ፣ በኋላ ለምን ያዝከኝ ማለት አይቻልም።

"ሴቶቹን ይደበድባቸዋል"

አንገቷን ነክሶ ጀርባዋ ላይ ሲወጣ ጠብ ይመስላል፣ ግን ለመራባት መገናኘቱ ነው፣ ዶሮ እንደዚያ ነው። ችግር የሚሆነው ጀርባቸው ተመልጦ ቆዳቸው ሲቆስል ነው። ያኔ ጥፋቱ የቁጥር ነው። ለአንድ አውራ ከስምንት እስከ አሥር ሴት ቢኖር ጥሩ ነው። ሦስት ሴት ላለው ግቢ አንድ አውራ ራሱ ይበዛል። የቆሰለችውን ለይታችሁ አቆዩ፣ ደም ያየ ዶሮ ሁሉ ይነቁራታልና።

"ሁለት አውራ አንድ ግቢ አይኖርም"

ግማሹ እውነት ነው። አብረው ያደጉ ወንድማማቾች ማዕረጋቸውን በልጅነት ስለሚጨርሱ፣ ቦታና ሴት ካልጠበበ፣ አንዳንዴ ተቻችለው ይኖራሉ። የማይሆነው ባዳ ማምጣት ነው። እኛ አገር ደግሞ ይህን በየበዓሉ እናደርገዋለን! ፋሲካ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ገበያ ሄደን አውራ እንገዛለን፣ እግሩን በገመድ አስረን ግቢው መሃል እንተወዋለን። የግቢው አውራ ያየዋል። የታሰረው መሸሽ አይችልም። በዶሮ ሕግ የተሸነፈ ይሸሻል፣ ጠቡም እዚያ ያልቃል። መሸሽ የማይችል ከሆነ ግን አያልቅም። አንድ ዓመት እንደዚህ አድርገን፣ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ የበዓሉ ዶሮ ዓይኑ ጠፍቶ አገኘነው፣ የኛው ደግሞ ደም ስለቀመሰ ነው መሰለኝ ሳምንቱን ሙሉ ሰው አላስጠጋም። ጥፋቱ የማን ነው? የኛ።

ከጠቡ የሚብሰው ደግሞ ፈንግል ነው። የገበያ ዶሮ ፈንግል ይዞ ቢመጣ ያልተከተበ መንጋችሁን በቀናት ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ የበዓሉን ዶሮ ከቤታችሁ ዶሮዎች ጨርሶ በማይገናኝበት ቦታ፣ የተለየ ውሃና ጥሬ ሰጥታችሁ አቆዩት። ለማኖር የገዛችሁትን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት፣ ቀጥሎ በሽቦ መሃል እየተያዩ ይክረሙ፣ ከዚያ ቀላቅሉ።

"የሚጮኸው ሲነጋ አይቶ ነው"

ከጎረቤት ጋር የሚያጣላን ይሄ ነው። ናጎያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ጃፓናውያን በ2013 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ አውራ ዶሮ በሰውነቱ ውስጥ ሰዓት አለው። ሳይለወጥ በሚቆይ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቢዘጋም በሰዓቱ ይጮኻል፣ የሚጀምረውም ብርሃን ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እነዚሁ ሰዎች በ2015 እንዳሳዩት ብዙ አውራ ባለበት መጀመሪያ የሚጮኸው የበላዩ ነው፣ ሌሎቹ በማዕረግ ይከተላሉ። ስለዚህ ቤቱን ብታጨልሙት ጩኸቱ አይቀርም። ጎረቤት ካማረረ አውራውን ማውጣት ነው፣ ሴቶቹ እንደሆኑ እንቁላላቸውን አያቋርጡም።

"ሹሉን ከስሩ ቆርጠህ ጣለው"

ከእግሩ ጀርባ የሚያድገው ሹል ውስጡ አጥንትና ደም ስር አለው። ከስሩ ከቆረጣችሁት ይደማል፣ ያማል። ጫፉን ብቻ በሞረድ ማደብዘዝ ይበቃል። የወጋው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ጥልቅ ከሆነ ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቁ። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ የልጁ ፊት ያለው አውራው በሚዘልበት ከፍታ ላይ ነው።

ሻለቃ ለእናቴ ገራም ሆነ፣ ለወንድሜም ግማሽ በግማሽ። ለልጁ ግን አልሆነም፣ ሁለት ወር ሞከርን። ለሰው እንሽጠው ያለ ነበር፣ ግን ጠባዩን ደብቆ የሰው ልጅ ላይ መላክ ነውር ነው። ለእንቁጣጣሽ ታረደ። እናቴ ወጡን ራሷ ሠራች፣ 12 ብልቱንም አንድ ሳታጎድል አወጣች፣ እሷ ግን እንቁላሉን ብቻ በላች።

አሁን ያለን አውራ ቀይ ነው፣ ልጁ ሲመጣ መንገድ ይለቃል። ስም የለውም። እናቴ ስም እንዳናወጣለት ከልክላናለች።