የሊዮናርዶ «የመጨረሻው እራት» ፍሬስኮ ነው እንዴ?

ጥያቄው ሰሞኑን ስለተደጋገመ ባጭሩ፦ አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሳለ ሁሉ ፍሬስኮ አይባልም።

ፍሬስኮ ማለት ሠዓሊው ገና ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ሲቀባ ነው። ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ይዞት ይጠነክራል። ታዲያ ፋታ አይሰጥም፤ በአንድ ቀን ተስሎ የሚያልቀውን ያህል ብቻ እየለሰኑ መሄድ ነው። ማይክል አንጄሎ የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣሪያ የሣለው እንዲህ ነው።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ግን ጥድፊያ የሚሆንለት ሰው አልነበረም። ተመልሶ መደረብ፣ ጥላውን ማለስለስ ይወዳል። ስለዚህ ሚላን በሚገኘው የሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ገዳም መመገቢያ አዳራሽ፣ ከ1495 እስከ 1498 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋውን ሥዕል በደረቅ ግድግዳ ላይ ሠራው። ቀለሙ ላዩ ላይ ተለጥፎ ቀረ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ሠዓሊው ገና በሕይወት እያለ መላላጥ ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ አያከራክርም። እንደ ባለሙያው የሚለያየው ቀለሙን ለማያያዝ የገባው የዘይትና የእንቁላል መጠን ነው። የኢየሱስ እግር አለመታየቱን ግን ከዚህ ጋር አታያይዙት፤ በ1652 በር ሲከፈት ተቆርጦ ነው የጠፋው።