ፒጄ ሃርቪ ጊታሯን መልሳ ስታነሳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ፒጄ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው «ኢዝ ዚስ ዲዛየር?» አልበም ላይ ኪቦርድና በማሽን የሚመቱ ከበሮዎች ገነው ይሰማሉ። በ2000 በወጣው «ስቶሪስ ፍሮም ዘ ሲቲ፣ ስቶሪስ ፍሮም ዘ ሲ» ግን መሪው ጊታር ነው። ስለዚህ ለውጥ ከሚነገረው ብዙው ትክክል አይደለም።

«ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወጥታ ሮክ ሞከረች።»
ይህን የሚለው ሃርቪን ከመሃል የጀመረ አድማጭ ነው። የ1992ቱ የመጀመሪያ አልበሟ «ድራይ» በጊታር፣ በቤዝና በከበሮ የተሠራ የሦስት ሰዎች ሥራ ነው። በቀጣዩ ዓመት «ሪድ ኦፍ ሚ»ን የቀዳው ስቲቭ አልቢኒም የጊታሩን ሻካራነት አላለዘበውም። እንዲያውም «ለምን ጊታር አነሳች?» ከማለት «ለምን አስቀምጣው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«እንግዲያው ወደ ድሮዋ ተመለሰች።»
መሣሪያው አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ። የድሮው ጊታር ይቧጭራል፣ ድምፃዊቷም ከሹክሹክታ ተነስታ ድንገት ትጮኻለች። በ2000 ጊታሩ በገደል ማሚቶ ተሞልቶ ይደራረባል፣ ዜማውም ሽቅብ ይወጣል። ምክንያቱን ራሷ ተናግራለች፦ በቀደሙት ሁለት አልበሞች ጨለማና የሚረብሽ ድምፅ ስትፈልግ ቆይታ፣ አሁን ውበትን ፈለገች። እንግዲህ የኤሌክትሮኒክሱን ዘመን እንደ ስህተት የሚቆጥሩ ሰዎች የዚህን አልበም መነሻ እየጣሉ ነው። በ1999 ለወራት የኖረችባት ኒውዮርክም በግጥሞቹ ውስጥ በብሩክሊን ጣሪያ ላይ ሳይቀር ትታያለች፤ ያደገችበት የእንግሊዝ ገጠር ዶርሴትም ከዘፈኖቹ አልራቀም።

«ዘመኑን ተከትላ ነው።»
በየትኛው ዘመን? በዚያው በጥቅምት 2000 የእንግሊዙ የሮክ ቡድን ሬዲዮሄድ «ኪድ ኤ» የተሰኘ አልበሙን ሲያወጣ ጊታሩን ወደ ጎን ገፍቶ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቅንቶ ነበር። የቡድኑ ድምፃዊ ቶም ዮርክ ደግሞ በሃርቪ የጊታር አልበም ላይ ከእሷ ጋር ይዘፍናል! ሁለቱ መንገድ ላይ የተላለፉ ይመስላል።

«ሚክ ሃርቪ ወንድሟ ነው።»
አይደለም። አልበሙን አብሯት ያዘጋጀው ሚክ አውስትራሊያዊ ነው፤ ዝምድናቸው በስም ብቻ ነው።

«ከዚያ ወዲያ ሮከኛ ሆና ቀረች።»
የ2000ው አልበም በየዓመቱ ለምርጥ አልበም የሚሰጠውን የብሪታኒያን የሜርኩሪ ሽልማት አግኝቷል። ቀኑ፣ ለኒውዮርክ አልበም የማይታመን ቢመስልም፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነበር። እንዲህ ያለ ሽልማት ያገኘ ሌላ ሰው ያንኑ ደጋግሞ ይሠራ ነበር። እሷ ግን በ2007 በ«ዋይት ቾክ» ፒያኖ ፊት ተቀምጣ ባልለመድነው ቀጭን ድምፅ ዘፈነች። በ2011 «ሌት ኢንግላንድ ሼክ» ሁለተኛውን ሜርኩሪ ሲያስገኝላት በእጇ የነበረው አውቶሃርፕ የተባለው ባለብዙ ክር መሣሪያ ነው። በ2022 ደግሞ በዶርሴት የገጠር ዘዬ የተጻፈ «ኦርላም» የተሰኘ የግጥም መጽሐፍ አሳተመች።