በአንድ ወንጀል ድጋሚ አለመከሰስ ምንድን ነው?

የማያሚ የኮኬይን አዘዋዋሪዎችን የፍርድ ሂደት የሚተርክ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም በታየ ቁጥር አንድ አስተያየት አይጠፋም፦ «ፍርድ ቤት በነፃ አሰናብቷቸው ሲያበቃ ዞረው አሰሯቸው። በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አይከሰስም የሚባለው ለይስሙላ ነው።» ሰሞኑንም ይህንኑ የጻፈ ሰው ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። ስህተት ነው፤ ዝም ብሎ የሚታለፍም አይደለም፤ ምክንያቱም ተከሳሽን የሚጠብቀውን ትልቁን መብት፣ ማለትም አንዴ ነፃ የተባለ ወይም የተፈረደበት ሰው በዚያው ወንጀል ድጋሚ አለመከሰሱን፣ ከንቱ ያስመስለዋል።

ጉዳዩ የዊሊ ፋልኮንና የሳል ማግሉታ ነው። በ1991 (እ.ኤ.አ.) 75 ቶን ኮኬይን ወደ አሜሪካ አስገብተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በ1996 ጁሪው (ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የተራ ዜጎች ቡድን) በነፃ አሰናበታቸው። በ2002 ማግሉታ ጥፋተኛ ተባለ፤ በኋላም 205 ዓመት ተፈረደበት፤ በይግባኝ 195 ሆነ። ፋልኮን በ2003 ጥፋቱን አምኖ 20 ዓመት ተቀጣ። አስተያየት ሰጪው ሁለቴ መከሰሳቸውን ብቻ አየ፤ ሁለተኛው ክስ ምን እንደሚል ግን አላየም። የክሱ ዋና ነገር የዕፅ ዝውውር ሳይሆን ጁሪ በጉቦ መግዛትና ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰል ነበር። የ1996ቱ ጁሪ መሪ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉቦ ተቀብሎ ነበር፤ ያጋለጠውም ከገቢው በላይ ማውጣቱ ነው።

ነገሩ እንደ እግር ኳስ ግጥሚያ ነው። ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ ተሸናፊው «ይደገምልኝ» ቢል አይሰማም። ለዳኛው ጉቦ የሰጠ የቡድን መሪ ግን በጉቦው ይጠየቃል፤ ተጠየቀ ማለት ጨዋታው ተደገመ ማለት አይደለም። ጨዋታው የሚጀምረው ፊሽካው ሲነፋ ነው፤ በአሜሪካ የጁሪ ችሎት ፊሽካው የጁሪው ቃለ መሐላ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ከዚያ በፊት ክሱን አንስቶ ቢመልሰው መብቱ አልተነካም። ጁሪው መስማማት አቅቶት ከተበተነም ግጥሚያው በዝናብ እንደተቋረጠ ይቆጠራል፤ ሊደገም ይችላል። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። ሜዳ ላይ ሁለቱም ቡድኖች እኩል ናቸው፤ እዚህ ግን ጥፋተኛ የተባለው ይግባኝ ሲል፣ ዐቃቤ ሕግ ጁሪ በነፃ ባሰናበተው ሰው ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም።

«የገንዘቡ ምንጭ ያው ኮኬይን አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነው። ማስረጃው መደራረቡ ግን ወንጀሉን አንድ አያደርገውም። መለኪያው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1932 በወሰነው የብሎክበርገር ጉዳይ ተቀምጧል፤ እሱም የዕፅ ጉዳይ ነበር። ተከሳሹ ብሎክበርገር ከሸጠው ሞርፊን አንዱ ሽያጭ ብቻውን ሁለት ድንጋጌ ጣሰ፦ ዕፁ ቴምብር ካለበት ከዋናው ማሸጊያው ውጪ ተሸጠ፤ ገዢውም የጽሑፍ ትእዛዝ አላቀረበም። አንድ ገዢ፣ አንድ ሽያጭ፣ ሁለት ወንጀል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጠየቀው፣ እያንዳንዱ ወንጀል ሌላኛው የማይፈልገውን ፍሬ ነገር ማስረዳትን ይጠይቃል ወይ የሚል ነው። ኮኬይን ማስገባትን ለማስረዳት ጉቦ መሰጠቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ጉቦውን ለማስረዳትም ኮኬይኑ መግባቱን ማስረዳት አያስፈልግም።

የፌዴራል መንግሥቱና ግዛቶቹ በአንድ ድርጊት ለየብቻ መክሰስ መቻላቸውም ሌላ ጉዳይ ነው፤ በ2019 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጸንቷል።

መቆጣት የፈለገ ሰው መቆጣት ያለበት በቅጣት አወሳሰን ላይ ነው። በ1997 በዋትስ ጉዳይ፣ ጁሪው ተከሳሹን ኮኬይን ለማከፋፈል በመያዝ ጥፋተኛ ብሎ፣ ከዕፁ ወንጀል ጋር በተያያዘ መሣሪያ ተጠቅሟል ከሚለው ክስ ነፃ አለው፤ ዳኛው ግን ቅጣቱን ሲወስን መሣሪያውን ቆጠረበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይቻላል አለ፤ ለቅጣት የሚጠየቀው የማስረጃ ክብደት ለጥፋተኝነት ከሚጠየቀው ያነሰ ነውና። ይህ እኔንም ለዓመታት ሲያንገበግበኝ የኖረ ነው። የፌዴራሉ የቅጣት ኮሚሽን መመሪያውን ያሻሻለው በ2024 ነው፤ አሁን የቅጣቱ እርከን ሲሰላ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ነፃ የተባሉበት ድርጊት በመርህ ደረጃ አይቆጠርም።