የቀዝቃዛ ውሃ ሬጉሌተር ምንድን ነው?

በጋዝ የሚያበስል ቤት ሬጉሌተር የሚለውን ቃል ያውቀዋል። በሲሊንደሩ አንገት ላይ ተገጥሞ፣ ታምቆ የተቀመጠውን ጋዝ ለምድጃው በሚስማማ ልክ የሚለቅ ትንሽ ዕቃ ነው። አየር በጀርባው ተሸክሞ ባሕር ወይም ሐይቅ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው አፉ ላይ የሚይዘው ሬጉሌተርም በስምም በሥራም የዚያ ዘመድ ነው። የምድጃው ቢደፈን ወጥ ይዘገያል፤ የጠላቂው ቢደፈን የሚዘገየው እስትንፋስ ነው።

ሲሊንደሩ ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር 200 ባር ያህል ግፊት አለው፤ የመኪና ጎማ ከሚይዘው ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። ይህንን በቀጥታ ወደ ሳንባ መልቀቅ አይታሰብም። ስለዚህ ግፊቱ በሁለት ደረጃ ይወርዳል። የመጀመሪያው ደረጃ ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው የብረት ክፍል ነው፤ ግፊቱን በአካባቢው ካለው የውሃ ግፊት በ10 ባር ገደማ ብቻ ወደሚበልጥ ልክ ያወርደዋል። ሁለተኛው ደረጃ ጠላቂው የሚነክሰው ነው፤ አየር ሲስብ ይከፈታል፣ ሲተው ይዘጋል። የዛሬዎቹ ሬጉሌተሮች ሐረግ የሚመዘዘው በ1943 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ፈረንሳይ ውስጥ የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ከሠሩት መሣሪያ ነው። የጋኛን ቫልቭ መጀመሪያ የታሰበው ለውሃ አልነበረም። በጦርነቱ ቤንዚን ስለጠፋ በጋዝ እንዲሄዱ ለተደረጉ መኪኖች ነበር።

ቅዝቃዜው የት እንደሚገባ ለማየት የመኪና ጎማ ሲተነፍስ ቀዳዳው ላይ ጣትን መያዝ ይበቃል። የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው። የታመቀ አየር በድንገት ሲሰፋ ሙቀቱን ያጣል፤ ከ200 ባር ወደ 10 ባር ሲወርድ ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሬጉሌተርን በረዶ የሚያደርገው ሐይቁ ነው ማለት ሐይቁን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው። በረዶውን የሚሠራው ሬጉሌተሩ ራሱ ነው። በሞቃት ባሕር ዙሪያውን የከበበው 25 ዲግሪ ውሃ ለብረቱ ሙቀት እያበደረው አደጋው ሳይታይ ያልፋል። 4 ዲግሪ የሆነ ውሃ ግን ራሱም ደሃ ነው፤ የሚያበድረው ብዙ የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰንሰለት አጭርና ክፉ ነው። ባልታሸገ የመጀመሪያ ደረጃ ውስጥ ውሃ ገብቶ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰውን ሞላ (ስፕሪንግ) ይከበዋል። ያ ውሃ ሲረጋ ሞላው ይታሰራል፣ ቫልቩም በቅጡ መዝጋት ያቅተዋል። አየሩ ወደ ቱቦው መግባቱን ይቀጥላል፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከልኩ ያልፋል፣ ሁለተኛው ደረጃ ተገፍቶ ይከፈትና ጠላቂው ሳይስብ አየሩ መጉረፍ ይጀምራል። ብዙ አየር ሲፈስ ብዙ ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ሲቀዘቅዝ በረዶው ይጠነክራል። በራሱ የሚቆምበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው ደረጃም የራሱ ደካማ ጎን አለው፤ ከሳንባችን የሚወጣው ትንፋሽ እርጥብ ስለሆነ ጠብታዋ ቫልቩን በሚከፍተው ትንሽ ማንሻ ላይ ትረጋና ክፍት አድርጋ ታስቀረዋለች።

ጥልቀት ይህን ሁሉ ያባብሰዋል። በ40 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ወለል አምስት እጥፍ ነው፤ የምንስበውም አየር አምስት እጥፍ የተጠቀጠቀ ነው። ወለል ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚስብ ሰው እዚያ ከሲሊንደሩ የሚወስደው 100 ሊትር ነው። 12 ሊትር የሚይዝ፣ በ200 ባር የተሞላ ሲሊንደር 2,400 ሊትር አየር አለው፤ ላይ ለሁለት ሰዓት የሚበቃው አየር 40 ሜትር ላይ 24 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ይህ በሰላሙ ጊዜ ነው። ሬጉሌተሩ ተከፍቶ ከቀረ ሲሊንደሩ በጥቂት ደቂቃዎች ባዶ ይሆናል።

ጥልቅ ማለት ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የእኛ ሻላ ሐይቅ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቅ ነው፤ ሆኖም ውርጭ የሚያወርድ ክረምት በሌለበት ምድር ላይ ያለ ሐይቅ ነውና ታችኛው ውሃው ለበረዶ የሚቀርብ አይደለም። የአውሮፓ ሐይቆች ጠባይ ሌላ ነው። ጨው የሌለበት ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በብርድ ወራት የቀዘቀዘው ውሃ ሰምጦ ታች ይተኛል፤ የበጋውም ፀሐይ አይደርስበትም። ጄኔቭ አጠገብ ባለው ሌማን ሐይቅ በሐምሌ ሕፃናት ዳር ላይ ሲንቦጫረቁ የሚያይ ሰው፣ በዚያው ሰዓት 40 ሜትር ታች ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች መሆኑን አይጠረጥርም። የአይስላንዱ ሲልፍራ፣ ውሃ የሞላው የምድር ስንጥቅ፣ ቢያንስ አያታልልም፤ ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ጨዋማ ባሕር የሚረጋው ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ሲጠጋ ስለሆነ፣ በእኩል ቅዝቃዜ ሐይቅ ከባሕር ይልቅ ለሬጉሌተር ያሰጋል።

እንግዲህ የቀዝቃዛ ውሃ ሬጉሌተር የሚባለው ይህን ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ የሚበጥስ ነው። ዋናው መላ ማሸግ ነው። የታሸገ የዲያፍራም (በሚለጠጥ ስስ ሽፋን የሚሠራ) ሬጉሌተር ላይ ውሃው ሞላውን ጨርሶ አይነካውም፤ በውጭ በኩል ያለ ተጨማሪ ሽፋን የውሃውን ግፊት ብቻ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። በፒስተን የሚሠሩት ብዙ አየር በመስጠት የታወቁና ጥቂት ተንቀሳቃሽ ክፍል ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ውሃ ወደ ሞላው ያስገባሉ። አምራቾች በቅባትና በመከለያ ያግዟቸዋል፤ ቢሆንም ለ4 ዲግሪ ውሃ እኔ የታሸገውን ዲያፍራም አስቀድማለሁ።

ሁለተኛው ደረጃ ላይ ብረት ፕላስቲክን ይበልጣል፤ ሙቀት ከውሃው ወደ ማንሻው በብረት በኩል ቶሎ ይሻገራልና። ከነሐስ የተሠራና ዙሪያው ክንፍ ክንፍ ያለው አካልም ሙቀት ለመሰብሰብ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። ቲታኒየም ቀላልና ውድ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል፤ ሙቀት በማስተላለፍ ግን ከነሐስ በጣም ያንሳል። ለጥልቀቱ ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ የተመጣጠነ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት፤ ያልተመጣጠነው ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ አተነፋፈሱ ይከብዳል። ማሰሪያውም በጥርስ የሚጠመዘዘው፣ ዲን የሚባለው፣ ከላይ እንደ መቆንጠጫ ከሚታሰረው የበለጠ አስተማማኝ ነው። ሻጮች «ሳትስበው አየር ይሰጥሃል» ብለው የሚያሞግሱት በጣም ስሱ ሁለተኛ ደረጃ ግን ለብርድ መልካም አይደለም። ማስተካከያ ያለውን ገዝቶ በመጠኑ ማጥበቅ ይሻላል።

ማመሳከሪያ ለሚፈልግ የአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 250 አለ። በእሱ መሠረት ቀዝቃዛ ውሃ የሚባለው ከ10 ዲግሪ በታች ያለው ነው፤ ለዚያ የሚሸጥ ሬጉሌተር በ4 ዲግሪ ውሃ፣ 50 ሜትር በሚያህል ግፊት ይፈተናል። ፈተናውን ያላለፈው ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ ለሆነ ውሃ ብቻ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይታተማል። ብዙ ሰው ቀለሙን አይቶ ይገዛል እንጂ ይህችን ምልክት አያነባትም።

ምርጡ ሬጉሌተርም ብዙ ከተጠየቀ ይረጋል። አሜሪካ በአንታርክቲካ ባላት የምርምር ፕሮግራም፣ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ በሆነ ባሕር የሚጠልቁ ሰዎች ሁለት መውጫ ባለው ቫልቭ ላይ ሁለት ሙሉ ሬጉሌተር ይዘው ይወርዳሉ፤ አንዱ ቢከፈትባቸው የእሱን ቫልቭ ዘግተው በሌላው ይተነፍሳሉ። ውሃ ውስጥ ከመግባታቸው በፊትም በሬጉሌተሩ አይተነፍሱም፤ ከዜሮ በታች በሆነ አየር ላይ የተተነፈሰባት እርጥበት ውሃው ጋ ሳይደረስ ትረጋለች። ሌላ ጠላቂም የሚከተለው ይህንኑ ነው፦ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለውን የአየር ማስለቀቂያ ቁልፍ ለረጅም ጊዜ አለመጫን፣ ከሲሊንደሩ አየር የሚነፉትን የማንሳፈፊያ ጃኬቱንና ውሃ የማያስገባውን ደረቅ ልብስ በአንድ ጊዜ አለመንፋት፣ ሲነፉም በአጭር በአጭሩ ማድረግና በዚያው ቅጽበት አየር አለመሳብ። ሲሊንደሩም በደንብ በደረቀ አየር መሞላት አለበት።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የውጭው ሽፋን ነው። ከተቀደደ ወይም ጠርዙ ከተነሣ፣ ውስጡ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ያ ሬጉሌተር ተጠግኖና ዓመታዊ ምርመራው ተደርጎለት ካልሆነ አይገዛም።