ከፍላሽ የጠፋ ፋይል ለምን ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገኝም?

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ዊንዶውስ ከኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ዲሊት ያደረጋችሁትን ወደ ሪሳይክል ቢን ይልካል። ከፍላሽ ወይም ከሚሞሪ ካርድ የጠፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይገባም። ሺፍት ተጭናችሁ ያጠፋችሁትም እንደዚሁ።

ቢሆንም ወዲያው አልጠፋም። ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይቆያል።

አንድ ፎቶ አንሺ ጣና ዳር ያነሳውን የሠርግ ፎቶ በስህተት ከካርዱ አጠፋው እንበል። ካርዱን ወዲያው አውጥቶ ካስቀመጠው፣ እንደ ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ ባሉ ፕሮግራሞች የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። «የቀረችውን ልጨርስ» ብሎ በዚያው ካርድ ማንሳቱን ከቀጠለ ግን አዲሱ ፎቶ በአሮጌው ላይ ሊጻፍ ይችላል። የተጻፈበትን ደግሞ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። እባካችሁ፣ የተገኘውንም ፋይል መልሳችሁ እዚያው ካርድ ላይ አታስቀምጡ። ሌላውን ያልተገኘውን ታጠፉታላችሁ።

እስካሁን ያልኩት እርግጥ ነው። የሚለያየው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ነው። ትሪም የሚባል አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል፤ ፍጥነቱ እንደ ዲስኩ ይለያያል። ስለዚህ ላፕቶፓችሁ ኤስኤስዲ ከሆነና ፋይሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ከሌለ፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። መጀመሪያ ኢሜይላችሁን እዩ፤ ለአማካሪያችሁ በቴሌግራም የላካችሁት ኮፒም ሊኖር ይችላል።