የተራራ አንበሳ ምንድን ነው? መንገድ ላይ ከፊትዎ ቢቆምስ?

ስሙ ያሳስታል። «የተራራ አንበሳ» ሲባል ትዝ የሚለን ባለጎፈሩ አንበሳችን ነው፤ ይኼኛው ግን ሌላ ፍጡር ነው። ፑማም ይበሉት ኩጋር፣ ያው አንድ እንስሳ ነው፤ ከካናዳው ዩኮን እስከ ቺሊ ደቡብ ድረስ ይገኛል። ጎፈር የለውም፣ በመንጋ አይኖርም፣ አያገሳም። ወንዱ ከ50 እስከ 70 ኪሎ፣ ሴቷ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። በጠባዩ የሚቀርበው ለነብር ነው፦ ብቻውን ያደፍጣል፣ ከኋላ ይዘላል፣ ማጅራት ይይዛል። ልክ እንደ ማጅራት መቺ። የተነቃበት ማጅራት መቺ ደግሞ ሥራው ይበላሽበታል፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዴንቨር፣ ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቅዳሜና እሁድ የሚወጡበት ኮረብታ የዚህ እንስሳ አገር ነው። ፒ-22 የተባለው ወንድ ሎስ አንጀለስ መሀል፣ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2022 ኖሯል። የተራራ አንበሳ ሰው መግደሉ ብርቅ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ የተመዘገበው ሞት ሠላሳ ገደማ ነው።

ዋና ምግቡ አጋዘን ነው። አጋዘን አጎንብሶ ይግጣል፣ ሲደነግጥ ይሮጣል። ስለዚህ ካዩት አይሩጡ፣ ጀርባዎን አይስጡ፣ ቁጢጥ አይበሉ። ልጅ አብሮዎት ካለ መጀመሪያ እሱን ያንሱ፤ ልጅ ደንግጦ ይሮጣልና። ሲያነሱት ግን ዓይንዎ ከእንስሳው ላይ አይነሳ፣ ወገብዎም ብዙ አይጎንበስ። ከዚያ ጃኬትዎን በሁለት እጅ ከፍተው ወደ ላይ ይዘርጉ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ በወፍራም ድምፅ ይቆጡት፣ የሚሸሽበትን አቅጣጫ ሳይዘጉ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይራመዱ። ካልሄደ በእጅዎ ያለውን ይወርውሩ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ዩታ ውስጥ፣ ፕሮቮ አጠገብ፣ አንድ ሯጭ ደቦሎች አይቶ ቪዲዮ መቅረጽ ሲጀምር እናትየው መጣችበት። ስድስት ደቂቃ ያህል ተከተለችው፤ በየመሀሉ የፊት እግሮቿን እያወራጨች ትንደረደርበታለች፣ እሱ ደግሞ ፊቱን ሳያዞር፣ እየጮኸ፣ ወደ ኋላ ይራመዳል። በመጨረሻ ድንጋይ አንስቶ ሲወረውርባት ሸሸች። ልብ ማለት የሚገባው ድንጋዩን ለማንሳት መጎንበስ የነበረበት መሆኑን ነው፤ ያቺ ቅጽበት አደገኛ ናት። ዱላ ወይም የውሃ ኮዳ በእጅ ይዞ መሄድ የሚሻለው ለዚህ ነው። እናትየዋ ያደነችው አይመስልም፤ ከደቦሎቿ እያራቀችው ነበር። ደቦል ሲያዩ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ትልቅ ስህተት ነው፤ በመጡበት መመለስ ይሻላል። በቅጠልና በአፈር የተሸፈነ የአጋዘን ሬሳ ካጋጠመዎትም እንዲሁ፦ ባለቤቱ ደብቆት ነው፣ ተመልሶ ይመጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የድብን ምክር እዚህ በማምጣት ነው። ግሪዝሊ ድብ ግልገሎቿን ስትከላከል ካጠቃች በደረት ተኝቶ ሞቶ መምሰል ይመከራል። የተራራ አንበሳ ፊት የተኛ ሰው ግን የወደቀ አጋዘን ነው። ከያዘዎት ይታገሉት፦ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ በድንጋይ፣ በእንጨት፣ ባገኙት ሁሉ፤ ለመቆምም ይሞክሩ፣ ማጅራትዎን ይከልሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሲያትል አቅራቢያ የአንዲት ብስክሌተኛን ፊት ነክሶ የያዘውን ወጣት ኩጋር ጓደኞቿ እየደበደቡ አስለቀቁት፤ ከዚያም የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ እስኪደርስ በብስክሌት ተጭነው ያዙት። ብስክሌት ጥሩ ጋሻ ነው፤ ይውረዱና በመካከላችሁ ያድርጉት።

የድብ ስፕሬይ (ድብ ለማባረር የሚረጭ የሚያቃጥል የበርበሬ ፈሳሽ) ለዚህም ይሠራል፣ ግን ቦርሳ ውስጥ ከተቀበረ ምንም አይፈይድም፤ ወገብ ላይ ይታሰር። ዮሰማይት ፓርክ ግን ማስገባት ክልክል ነው። ከሁሉ በፊት በጎህና በማታ ብቻዎን አይውጡ፣ ኢርፎኑን ያውልቁ፣ ውሻዎን በማሰሪያ ይያዙ፣ ልጆች ወደ ፊት እየሮጡ አይቅደሙ።

እንስሳው ሲርቅ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ያደረገውን ለክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይንገሩ። ቁስል ካለ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ጭረትም ቢሆን።